ፓኔሉ ራሱን አይጠግንም

ባለፈው ሰሞን በአንድ የሙያ ሥልጠና ስብሰባ ላይ ለሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ የተጠየቀው በጀት ሲነሣ፣ አንድ ኃላፊ «ፀሐይ ሠልጣኝ አትፈልግም፤ ፓኔሉ ጣሪያ ላይ ከወጣ ራሱ ይሠራል» ብለው ገንዘቡ ለሌላ ሥራ እንዲዛወር ሐሳብ ሰጡ። ታዳሚው ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ፓኔሉማ ይሠራል፤ የሚሞተው ባትሪው ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ጤና ኬላ ጎራ ማለት ይበቃል። እኔ ያየሁት ኬላ ጣሪያው ላይ ፓኔሉ አቧራ ለብሶ ተንጋሏል። ውስጥ ሲገቡ ኮንትሮለሩ ተነቅሎ ጥግ ተጥሏል፤ ገመዱ በቀጥታ ባትሪው ላይ ተቋጥሯል። የተበላሸውን የሚቀይር ሲጠፋ አንድ የመንደሩ ብልኅ «አስተካክሎት» ነው። ኮንትሮለር እኮ ባትሪው ሲሞላ «በቃ!» የሚል ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲባረር ባትሪው ይግላል፣ ውኃው ይተናል፤ ያንንም በባትሪ ውኃ ፋንታ በቧንቧ ውኃ ሞሉት። አለቀለት። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ የጤና ባለሙያዋ በስልኳ መብራት ታዋልዳለች። ኬላው ግን ሪፖርት ላይ «ኤሌክትሪክ ያገኘ» ተብሎ እንደተቆጠረ እወራረዳለሁ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ጥቂት ወር በተግባር የሠለጠነ የዚያው ቀበሌ ልጅ ያስቀረው ነበር።

«ግድቡ አለልን» የሚሉም አልጠፉም። 5,150 ሜጋ ዋት! እሰየው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እልል ብያለሁ። ነገር ግን መንግሥት ራሱ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) 35 ከመቶውን ሕዝብ ለማዳረስ ያቀደው ከዋናው መስመር ውጭ፣ በሶላርና በመሰል አማራጮች እንደሆነ አስፍሯል። ታዲያ ያን ሁሉ ፓኔል ማን ሊጠግነው ነው? ግድቡ?

ሠልጥነው ሥራ ያጡ መኖራቸውን አልክድም። ግን ሥልጠና ከተባለ ነው! የማውቀው አንድ ኮሌጅ ያለው ፓኔል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «እንዳይሰበር» መጋዘን ተቆልፎበታል። ልጆቹ ባትሪን ሰሌዳ ላይ እየሳሉ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር በእጃቸው ሳይነኩ ተመረቁ። በጀት ነፍጎ ሲያበቃ «ሥልጠናው ውጤት የለውም» ማለት እግሩን ያሰሩትን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው።

ኃላፊው ያን ጤና ኬላ ማየት ቢፈልጉ መንገዱን አሳያለሁ። ማታ ከሆነ ግን የእጅ ባትሪ ይያዙ።