የማልሄድበት ፓርክ ወረፋ

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ፣ በሕይወቴ ረግጬው የማላውቀውን፣ ምናልባትም የማልረግጠውን የአሜሪካ የመዝናኛ ፓርክ ወረፋ ሳሰላ አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ማጣቴን ለማን ልንገር? የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብናገረው መሳቂያ ሆንሁ እንጂ የሚያዝንልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ብሶቴን እዚሁ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ታናሽ እህቴ በቴሌግራም በላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። «ጋሼ፣ ልጆቹን ይዘን ፓርክ ልንሄድ ነው። ወረፋ ሳይጠብቁ የሚገቡበት ማለፊያ ለብቻው ይሸጣል። ለሁሉም መጫወቻ ብንገዛ ኪሳችን ይራቆታል፤ ባንገዛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆመን መዋላችን ነው። አንተ የሒሳብ መምህር ነህና የትኛው እንደሚያዋጣ አስላልኝ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ይህን አልችልም ማለት ነውር መስሎ ታየኝና እሺ አልኋት። እሺ ካልሁ በኋላ ነው «ለመሆኑ የመግቢያውን አልከፈላችሁም እንዴ?» ብዬ የጠየቅሁት።

ከፍለዋል። ለአራት ሰው፣ ለአንድ ቀን የከፈሉትን ስትነግረኝ ወደ ብር ልመነዝረው ጀምሬ ለጤናዬ ስል ተውሁት። ከዚህ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ እንግዲህ አዲስ ነገር ለማየት ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተከፈለበትን ነገር በወቅቱ ለማግኘት ነው። መጀመሪያ ያንገበገበኝ ይህ ነው። የእህቴን ፓርክ ስም አልጠራም፤ አሠራሩ በየትልልቁ ፓርክ የተለመደ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ከሥሩ ልረዳው ብዬ ታሪኩን ሳነብ የባሰውን አገኘሁ። ዲዝኒላንድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከፈት ሰው በሩ ላይ መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ ከገባ በኋላ ለየመጫወቻው ለየብቻው ይከፍል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኩፖኖች በጥራዝ ይሸጡ ጀመር፤ ኩፖኖቹ በፊደል ደረጃ የወጣላቸው ሲሆኑ፣ ቀላሉ መጫወቻ በኤ፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ደግሞ ሰው የሚጋፋበት በኢ ኩፖን ይገባበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ይህ ቀረና አንድ ጊዜ በሩ ላይ ከፍሎ ሁሉንም መጫወት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የተባለው የቀጠሮ ወረቀት መጣ፤ ሰው በአካል ሳይሰለፍ ሰዓቱን ጠብቆ በሌላ በር የሚገባበት ነበር፣ ዋጋውም ነጻ። እ.ኤ.አ. በ2021 ነጻው ቀርቶ የሚከፈልበት ተተካ። እንግዲህ በ1982 በአንዱ በር የወጣው የየመጫወቻው ሒሳብ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በሌላው በር ተመልሶ ገብቷል። ልዩነቱ፣ ያኔ የበሩ ዋጋ ጥቂት ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም ሙሉ ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኩፖኑ ዘመን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሰው የሚገዛውን ነገር ያውቅ ነበር።

ወደ ሒሳቡ ስገባ ደግሞ ንዴቴ ቁጥር አገኘ። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,000 ሰው ያስተናግዳል እንበል። ከፊታችሁ 400 ሰው ቢቆም ተራችሁ በ24 ደቂቃ ይደርሳል። አሁን ከ1,000ው ቦታ 600ው ለከፋዮች ተሰጠ እንበል፤ ለቀሪው ሰልፍ በሰዓት 400 ቦታ ብቻ ስለሚተርፍ እነዚያው 400 ሰዎች አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ማሽኑ አልፈጠነም፣ አንድ ወንበርም አልተጨመረም። ሁለቱ ሰልፎች በሚገናኙበት ቦታ የቆመው ተራ አስከባሪ ከከፋዮቹ ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያስገባል፤ የአንዱ ፍጥነት የሚመጣው ከሌላው ደቂቃ ተቀንሶ ነው።

ይህንኑ በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስሠራው አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ እነዚያ 600ዎቹ ባይከፍሉም እኮ ያው መጥተው ከፊታችን ይሰለፉ ነበር» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አባባሉም ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ የማይሆነው ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ለዚያ መጫወቻ አንድ ሰዓት ቁሙ ቢባሉ ትተውት ወደ ሌላው የሚሄዱ ስለሆነ ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ ስላገኙት ብቻ ይገባሉ። ደግሞም የከፈለ ሰው በሰልፍ ሊቆም የሚገባውን ሰዓት በሌላ መጫወቻ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያሳልፈዋል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ተሰለፈ ማለት ነው። ልጁ ዝም አለ፤ እኔም የዕለቱን ትምህርት ሳልጨርስ ደወሉ ተደወለ።

እዚህ ላይ ወፍጮ ቤታችንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በእኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት ተራ የሚይዘው ማዳበሪያው ነው፤ ባለቤቱ ጤፉን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፣ ማንም አይነካበትም። አራስ ቤት ውስጥ ያለባት፣ ከሩቅ ገጠር አህያ ጭና የመጣች፣ ወይም የተዝካር እህል የያዘች ሴት «እስኪ ፍቀዱልኝ» ካለች ታልፋለች። እኛ እየፈቀድን ነው የምታልፈው፤ የፈቀድነውም እኛው የምንቆየው ነን። በፓርኩ ግን የሚቆየው ሰው ሳይጠየቅ ተራው ተሽጧል፣ ገንዘቡም ወደ እሱ አይመጣም። (ጻድቅ ነኝ አላልሁም። ለፋሲካ ወደ ቤተሰብ ልሄድ መናኸሪያ ውስጥ ለደላላ ጉርሻ ሰጥቼ የመኪና ወንበር ያገኘሁበት ዓመት አለ። ያን ዕለት ከኋላዬ የቀሩትን ሰዎች ፊት ግን አልረሳሁትም፤ የሚሸጥልኝ ሰው ነውረኛ መሆኑንም አውቅ ነበር።)

ብሶት ብቻውን ለእህቴ አይጠቅማትምና የትኛው መጫወቻ ገንዘብ ይገባዋል ወደሚለው ተመለስሁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ትልቁንና አስፈሪውን መጫወቻ ገንዘብ የሚገባው አድርጎ በማሰቡ ነው። የሚያስመርረው ወረፋ የመጫወቻው ግዝፈት የሚፈጥረው ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚጭነው ሰው ማነስ የሚያመጣው ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በዲዝኒ ማጂክ ኪንግደም እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ያለውን ፒተር ፓንስ ፍላይት እንውሰድ፤ ከላይ በሐዲድ በተንጠለጠሉ ትንንሽ መርከቦች ሁለት ሦስት ሰው እየተጫነ ለሦስት ደቂቃ ያህል የሚሽከረከርበት ነው፤ የቁመት ገደብ ስለሌለው ሕፃን የያዘ ሁሉ ይሰለፍበታል። በዚያው ፓርክ ያለው ሆንትድ ማንሽን ግን ሠረገሎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ሳይቆሙ ስለሚዞሩ፣ ሰልፉ ሲያዩት ቢያስደነግጥም ይራመዳል። ለመጀመሪያው መክፈል ሊያስኬድ ይችላል፤ ለሁለተኛው የሚከፍል ሰው ግን ገንዘብ የሚጠላ ነው። ብዙ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ በሚያስቀምጡ የትርኢት አዳራሾች ላይማ ማለፊያ መግዛት እሁድ ቅዳሴ ለመግባት ጉቦ እንደ መስጠት ነው።

ሰዓቱም መጫወቻውን ያህል ወሳኝ ነው። ስለ ስልክ መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1909 ጽፎ የወረፋን ሒሳብ የጀመረው የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ መንገዱን ከፍቶልናል፤ ፈላጊው ወደ ማሽኑ አቅም በተጠጋ ቁጥር ወረፋው በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይረዝማል። በሩ እንደ ተከፈተ 30 ደቂቃ የሚያስቆመው መጫወቻ እኩለ ቀን ላይ 90 የሚሆነው ለዚህ ነው። እህቴ ከላከችልኝ ዋጋዎች አንዱ ለአንድ ሰው 22 ዶላር ነበር፤ ከ90 ደቂቃ ወደ 15 የሚያወርድ ከሆነ የአንዱ ደቂቃ ዋጋ 29 ሳንቲም ይመጣል፤ ማለዳ ከ30 ወደ 10 የሚያወርድ ከሆነ ግን አንዱ ደቂቃ አንድ ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። ትኬቱ ያው ትኬት ነው። ስለዚህ ማለዳ ተነሥታችሁ በነጻ የምትገቡበትን መጫወቻ አትግዙ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለውን ሮለርኮስተር (በሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚወጣ የሚወርደውን መጫወቻ) አትመኑ፤ የፍሎሪዳ ሐምሌ እንደ እኛው ሐምሌ ከሰዓት ነጎድጓድ አያጣም፤ መብረቅ ሲቀርብ ደጅ ያለው መጫወቻ ይዘጋል አልኋት።

ቁመቱ ሌላ ፈተና ሆነ። እነሱ በኢንች ይለካሉ። 44 ኢንች 112 ሴንቲ ሜትር፣ 48 ኢንች ደግሞ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትሮን የተባለው የዲዝኒ ሮለርኮስተር ለምሳሌ ከ122 በታች አያስገባም። የእህቴ ልጆች አንዷ ስምንት ዓመቷ፣ አንዱ አራት ዓመቱ ነው። ትንሹ 103 ሆኖ ተለካ፤ ትልልቆቹ መጫወቻዎች ከእሱ ጋር ቀሩ፣ ከወላጆቹም አንዱ አብሮት ሊቀር ነው። ታዲያ ባሏ ለሁሉም መጫወቻ አራት አራት ካልገዛሁ ብሎ ሲከራከር፣ ሊሳፈር ለማይችል ልጅ ማለፊያ የሚገዛበትን ምክንያት እስካሁን አልተረዳሁትም። «ዕረፍት ላይ ነን፣ ሒሳብ ይቅር» አለኝ። ሒሳብ ይቅር የሚል ሰው ባለበት ቤት ሒሳቡን የሚሠራው ሌላ ሰው መሆኑን ግን አልተናገረም። በብዙ ፓርኮች አንዱ ወላጅ ከሕፃኑ ጋር ቆይቶ፣ ሌላው ሲመለስ ዳግም ሳይሰለፍ የሚገባበት ነጻ አሠራር እንዳለ ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ፤ ለእነሱ አዲስ ነገር ነበር። እናታችን በበኩሏ ነገሩን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ «ለመሆኑ የሚሄዱት ሊጫወቱ ነው ወይስ ሊሮጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመጨረሻው ስንክሳር ሰዓቱ ነበር። «ሽያጩ 7 ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ እንዳይረሳኝ ደውልልኝ» አለችኝ። እኔ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት መስሎኝ፣ ከክፍል ወጥቼ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢው ዳር ድረስ ሄጄ ደወልሁ። የእሷ 7 ግን የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ በሰባት ሰዓት ልዩነት ሲቆጠር ደግሞ የእኛ ቀን 8 ሰዓት። እታለምን ከጣፋጭ እንቅልፏ አንድ ሰዓት አስቀድሜ ቀሰቀስኋት፤ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሒሳቤ ያወጣው ውጤት አጭር ነበር፦ እኩለ ቀን ላይ ለትንሿ የበረራ መጫወቻ አራት፣ 122 ሴንቲ ሜትር ለሚጠይቀው ሮለርኮስተር ደግሞ ለልጅቱና ለአባቷ ሁለት፤ ሌላው ሁሉ በማለዳና በትዕግሥት። እህቴም እንዳልሁት ገዛች። የመጀመሪያው በልክ ሠራ፤ ባሏ ሳይቀር አመሰገነኝ። ሁለተኛው ላይ ግን ልጅቱ ከመለኪያው ሥር ስትቆም 119 ሆና ተገኘች፣ ተመለሰች። አባትየው ብቻውን ወጥቶ፣ ብቻውን ጮኾ፣ ብቻውን ወረደ።

ማታ ደውዬ «እታለም፣ 122 ነች ብለሽኝ አልነበረም?» ብላት፣ ቤት ውስጥ ስትለካት የልጅቱ ጸጉር አናቷ ላይ ተጠቅልሎ ታስሮ እንደ ነበር፣ ሜትሩንም ከዚያ በላይ እንዳደረገችው ነገረችኝ። የደቂቃን ዋጋ እስከ ሳንቲም ድረስ አስልቼ፣ የተሸነፍሁት በሦስት ሴንቲ ሜትር ጸጉር ነው። አሁን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ሌላ ፓርክ እንዳሰቡ በዚያው በድምፅ መልእክት ደርሶኛል። እሺ፣ አሰላለሁ፤ ግን አስቀድማ የልጅቱን ጸጉር ፈትታ ትለካልኝ።