በአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ ጁላይ 4 ቀን፣ የአገሪቱ የነጻነት መግለጫ በቤታችን ይነበብ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ አይነበብ። እ.ኤ.አ. በ1776 «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ነው። ሥጋችንን ጠብሰን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንዋል። ስለ እኛ ስለ ስደተኞች እንደሆነ አንድ ቃል የለውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ አላነበቡትማ! መግለጫው ውስጥ በእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ላይ ከተዘረዘሩት 27 ክሶች 7ኛው የእኛ ነው። ንጉሡ የውጭ ሰው ዜግነት የሚያገኝበትን ሕግ አሰናከለ፣ ሰው ወደዚህ እንዲፈልስ የሚያበረታታ ሕግም አላጸድቅ አለ ይላል። ለዜግነት ፈተና ሳጠና ያቺን መስመር ደጋግሜ ነው ያነበብኳት። «አንድ ቃል የለውም» ያሉትን ያንሱልኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጄ፣ ነጻ ከወጡ በኋላ በ1790 ራሳቸው ያወጡት ሕግ ዜግነትን «ነጻ ለሆነ ነጭ ሰው» ብቻ ነው የፈቀደው። ከአፍሪካ ለመጣ ሰው በሩ የተከፈተው በ1870 ነው። 7ኛው ክስ ያንቺ አልነበረም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ልጄ» አይበሉኝ፤ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። አሁንም ያሉትን አላነሱም። በባርነት የተወለደው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 ሮቼስተር ላይ «ይህ በዓል ለባሪያ ምኑ ነው?» ብሎ ሲሞግታቸው መግለጫውን አልጣለም። መርሆቹ የሚያድኑ ናቸው፣ በእነሱ ጽኑ ነው ያላቸው። ባያነበው በምን ይሞግታቸው ነበር?

ከአሌክሳንድሪያ፦ ዳግላስ ሙሉውን አንብቦ ነው። እናንተ መክፈቻውን አስነብባችሁ ታስጨበጭባላችሁ። አምና የልጅ ልጄ እኔው ቤት አነበበው። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣ «እኩል» የምትለዋ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። 27ኛው ክስ ላይ ሲደርስ የአገሩን ነባር ሕዝቦች «ርኅራኄ የሌላቸው አረመኔዎች» ይላል። ጣቱ እዚያው ቆመ። «አያቴ፣ ቅድም እኩል ናቸው አላሉም?» አለኝ። ሲኒዬን እንደያዝኩ መልስ አጣሁ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እርስዎ መልስ ስላጡ ልጁ ወረቀቱን ይነጠቅ? እኛ ያልጠየቅነውን የጠየቀ ልጅ ነው! ዘንድሮ እኛ ቤት ይዘውት ይምጡ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ለመምጣቱ ቃል አልሰጥም። ከመጣሁ ግን 27ቱም ይነበባሉ፤ እሱም ጥያቄውን ሁላችሁም ፊት ይጠይቃል።