ሰንጢ ነው ወይስ ሎተሪ?

አሁንስ በዛ! ብርቱካን ልልጥ ስል መቆለፊያው ተንሸራተተና ስለቱ ጣቴ ላይ ሊታጠፍ ለጥቂት ተረፍኩ። አዲስ ሰንጢ እኮ ነው! ካርቶኑ ላይ «በጥንቃቄ የተፈተሸ» ይላል። ማን ፈተሸው? ዓይኑን ጨፍኖ ነው?

ሲታጠፍ ስለቱ መሃል ላይ መቀመጥ ሲገባው አንዱን ጎን እየፋቀ ይገባል። ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘውን ብሎን ላላ ስታደርጉት ስለቱ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ ጠበቅ ስታደርጉት ደግሞ በሁለት እጅ ታግላችሁም አይከፈትም። መሃል የሚባል ነገር የለም! የስለቱ አሞራረድስ? በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ቀጭን፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ሠራተኛው የምሳ ሰዓት ደርሶበት ጥሎት የሄደ ነው የሚመስለው።

ስለቱ ላይ ግን «ዲ2» ብለው በሌዘር አሳምረው ጽፈዋል። ጽሑፉማ ቀጥ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ ማሽኑ አይስትም! ዲ2 እኮ በእሳት በወጉ ከጠነከረ ስለቱን ይዞ የሚቆይ ብረት ነው። የኔው ጥቂት ካርቶን ቆርጦ ዶለዶመ።

ደግሞ «ርካሽ ስለሆነ ነው» እንዳትሉኝ። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ያለው የእንጨት እጀታና የምትዞር የብረት ቀለበት ነው፣ ቀለበቷም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ አለች፣ ዋጋው ኪስ አይጎዳም፣ ስታዞሯት ትቆልፋለች፣ አለቀ። ይሄ ምን ይከብዳል?

ለሻጮቹ ብጽፍላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ብሎኑን ከነኩት ዋስትናው ይሰረዛል።» ወይ ጉድ! እናንተ በልኩ ብታጠብቁት ማን ይነካው ነበር?