ማስተካከያ፦ ሬዚደንሲው ማስተርስ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በኔዘርላንድስ አምስተርዳም ስላለው የሥነ ጥበብ ተቋም፣ ስለ ራይክስአካዴሚ፣ ጽፌ ነበር። «ለሠዓሊዎች ሙሉ የማስተርስ ስኮላርሺፕ» ብዬዋለሁ። ተሳስቻለሁ።

ራይክስአካዴሚ ዲግሪ አይሰጥም። ፕሮግራሙ ሬዚደንሲ ነው፤ ሁለት ዓመት እዚያው እየኖሩ የሚሠሩበት ቆይታ። የተመረጠ አርቲስት የራሱ ስቱዲዮና የመተዳደሪያ ክፍያ ያገኛል። የሴራሚክ፣ የኅትመት፣ የእንጨትና የብረት ወርክሾፖች አሉ፤ የሚያግዙ ባለሙያዎችም እንዲሁ። ፈተና፣ ማርክ የሚባል ነገር የለም። ትኩረቱ ምርምሩና ሂደቱ ላይ ነው። አንድ ቀለም ለመሞከር ወራት መፍጀት እዚያ ራሱ ሥራ ነው። (እዚህ ደሴ እኮ ሸራው ሳይደርቅ ነው ዋጋው የሚጠየቀው።) ይህን የወሰድኩት ተቋሙ ራሱ ለአመልካቾች ከሚያወጣው መረጃ ነው።

ስህተቴ ሰው ሊያንከራትት ነበር። አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ የዲግሪ ማስረጃውን ሊያረጋግጥ አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት ቆርጦ ነበር። መንገዱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይቅርታ ወንድሜ። ያንን ጊዜ ፖርትፎሊዮህ (የሥራዎችህ ስብስብ) ላይ አውለው። መራጮቹ የሚያዩት ሥራህንና ወዴት ልትወስደው እንዳሰብክ ነው።

«ሸንገን ቪዛ ይበቃል» ያልኩትም ልክ አይደለም። አጭሩ የሸንገን ቪዛ (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ የመግቢያ ቪዛ) በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። ለሁለት ዓመት የረጅም ጊዜ የመግቢያ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፊተኛውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።