ግሱ ለብቻው፣ ፍቺው ለብቻው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰፈር ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ፣ ፍሬዛል ቨርብ (ግስ ከሌላ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ፍቺ የሚሰጥበት የእንግሊዝኛ አነጋገር) ተማሩ ተብለው ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ባለ ሁለት ዓምድ ፎቶ ኮፒ ነው። በግራ ‹‹ተርን ኦፍ››፣ ‹‹ፑት ኦፍ››፣ ‹‹ሉክ አፍተር›› ተደርድረዋል፤ በቀኝ የአማርኛ ፍቺያቸው አለ፤ አንድም ዓረፍተ ነገር ግን የለም።

ተማሪው ዝርዝሩን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ሆኖም መብራቱን ‹‹አጥፋው›› ለማለት ‹‹ተርን ኦፍ ኢት›› ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን መካከል ገብቶ ‹‹ተርን ኢት ኦፍ›› እንደሚባል፣ ‹‹ሉክ አፍተር ኸር›› ግን እንደማይነጣጠል የነገረው የለም። ተውሳከ ግስ ሲጨመርማ ጭራሹን ግራ ይጋባል። ‹‹ኩዊክሊ›› ከግሱ በፊት ወይም ከተሳቢው በኋላ መግባት ሲገባው ‹‹ሺ ተርንድ ኩዊክሊ ኦፍ ዘ ላይት›› ብሎ ከጻፈ፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎበት ያልፋል፤ የስህተቱን ምክንያት የሚያስረዳ አንዲት መስመር እንኳ አይጨምርለትም። (‹‹ስትሬት›› ደግሞ እንደ ‹‹ኩዊክሊ›› ሳይሆን መካከል ገብቶ ‹‹ከም ስትሬት ባክ›› (በቀጥታ ተመለስ) እንደሚባል ማን ይንገረው?)

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲማር ለሚጠበቅ ልጅ ይህ ትልቅ በደል ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር፤ ባዶውን በቀረው የወረቀቱ ጀርባ ለእያንዳንዱ ግስ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቻል ነበር።