እርማት፦ «የቻይና ባስ ሳክስፎን ሁሉ አንድ ነው» ላልከው

ወንድሜ፣ ባስ ሳክስፎን (ትልቁንና ድምፁ በጣም ወፍራም የሆነውን ሳክስፎን) መግዛት ለፈለገው ለባሕር ዳሩ የሆቴል ባንድ ልጅ የሰጠኸውን ምክር አየሁት። «ርካሽ አዲስ ባስ ሳክስፎን ሁሉም ቻይና ነው፣ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው፤ የረከሰውን ውሰድ» ብለሃል። ግማሹ እውነት ነው። አንድ ፋብሪካ የሠራውን ብዙ ሻጭ በየራሱ ስም ይሸጠዋል። ሁሉም አንድ ነው ማለት ግን ስህተት ነው።

ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቅርፅ አለ። አንዱ በድሮዎቹ የአሜሪካ ባሶች አምሳል የተሠራው ረጅሙ ነው። ሌላው ቱቦው ይበልጥ የተጠቀለለው፣ የጀርመኑን ሳክስፎን ሠሪ የኤፐልሻይምን ንድፍ የተከተለው አጭሩ ነው። ልጁ ረጅሙን ይዞ ባጃጅ ውስጥ ለመግባት ይሞክርና ልዩነቱ ይገባዋል! ስለዚህ ከማዘዙ በፊት ስሙን ትቶ ፎቶውን በደንብ ይይ።

«ካልሆነ ባሪቶን ይተካዋል» ያልከውም አያስኬድም፤ ባሪቶን ከባስ የሚያንሰው ሳክስፎን ነው። የባሪቶን ቅኝት ኢ ፍላት ነው፣ የባስ ቢ ፍላት። ባስ ጌታቸው መኩሪያ ይነፋው ከነበረው ቴነር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። ዝቅተኛ ኤ የሚባል ተጨማሪ የታች ድምፅ ያለው ባሪቶን እንኳ እዚያ አይወርድም።

ዋጋውን ሲያሰላ የማስተካከያውንም ይጨምር። የባስ ፓዶች (ከቁልፎቹ ሥር ሆነው ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ክዳኖች) ሰፋፊ ናቸው። መንገድ ላይ አንድ ቁልፍ ትንሽ ከጎበጠ አየር ያፈሳል፣ የታችኞቹ ድምፆችም እምቢ ይላሉ። ያኔ ነው «ዕቃው የማይረባ ነው» የሚባለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ወደ ቱቦው አስገብቶ ቁልፎቹን ቀስ ብሎ ይዝጋ። ብርሃን ከሾለከ የሚያፈሰው እዚያ ጋ ነው። የባስ ሪድም (አፍ መንፊያው ላይ የሚታሰረው፣ እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሸምበቆ) አብሮ ይዘዝ፤ እዚህ ከሱቅ አገኛለሁ ብሎ እንዳይተማመን።