ባሌስትራ ለመሪ ክንድ?
እዚህ ውይይት ላይ «የባሌስትራ (ከመኪና ሥር ያለው የተደራረበ ስፕሪንግ) ብረት ጠንካራ ስለሆነ በርሱ የመሪ ክንድ (የመሪውን መዞር ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ብረት) በይዶ መሥራት ይቻላል» መባሉ አስደንግጦኛል። ጥንካሬውማ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። አዳማ ውስጥ በያጅ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ራሱ በሠራው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ እንዲህ ያለ ክንድ ገጥሞ፣ ገና ግቢ ውስጥ ቆሞ መሪውን ሲያዞር ቀጭ አለበት። የተሰበረው ብየዳው አይደለም፤ አጠገቡ ነው፤ ገጹም እንደ ስኳር ፍርፍር ያለ። ደግነቱ ወደ ሞጆ መንገድ አልወጣም ነበር! በዚሁ ውይይት «ለመሪ ክንድ የውኃ ቧንቧም ይበቃል» ላሉት ወንድሜ፦ ቧንቧ ውኃ ለማሳለፍ እንጂ ጎማ ከጉድጓድ ሲላተም የሚመጣውን ምት ለመቻል አልተሠራም። ከአሮጌ መኪና የወጣ፣ ያልተሰነጠቀና ያልተጣመመ ሙሉ ክንድ ከነቴስታው (ጫፉ ላይ ካለው መገጣጠሚያ ጋር) ይፈልጉ፤ ቡሎኑም አናቱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ የተጻፈበት ይሁን።